ለአያ ጅቦ የተሠራው ሹራብ

ተረት ወረደ ከተራራ፣ ጆሮ ያለው ይበል ጎራ!

እንግዲህ ተሰብሰቡ። የራቀ ይቅረብ፣ የቆመ ይቀመጥ፣ የሚያስለውም አስቀድሞ አስሎ ይጨርስ። እንስሳው፣ እንጨቱና እሳቱ እንደ ሰው ይናገሩ በነበረበት፣ ሰውም ቆም ብሎ ያደምጣቸው በነበረበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ደመና ከሰው ቤት በታች በሚተኛበት የውርጭ አገር፣ ይርገዱ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች።

ይርገዱ ፈታይ ነበረች። ፈታይ ስላችሁ ዝም ብላ እንዝርት የምታሾር እንዳትመስላችሁ። የፈተለችው ክር ከመቅጠኑ የተነሣ ዓይን አያየውም፤ ከመጠንከሩ የተነሣ ደግሞ በሬ ያስራል። በክሩ ሹራብ ልትሠራ ስትቀመጥ ሁለቱ ረጃጅም የወይራ መርፌዎቿ እንደተጣሉ አውራ ዶሮዎች ሲጠቃጠቁ ይውላሉ። ሥራዋን ትወዳለች። ከሥራዋ ይልቅ ግን፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ «ይህን የፈተለው ማነው?» ሲባል መስማት ትወዳለች።

ባሏ ወሰንየለህ ይባላል። ደግ ሰው ነው። ዓይኑ ግን ከጉልበቱ ቀድሞ ደክሟል። ጉቶ አይቶ «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ ሰው አይቶ ደግሞ ሊቀመጥበት ይሞክራል። እንዲህም ሆኖ አላይም ብሎ አያውቅም። «እኔ በግ ከሩቅ በሽታው፣ ከቅርብ በጥላው እለያለሁ» ባይ ነው።

አብረዋቸው የሚኖሩት ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ደመኔ ናት፤ ነጭ በግ፣ ፀጉሯ ጎፈር ያለ፣ ስትራመድ ከተራራው ሸሽታ የመጣች ደመና የምትመስል። ሁለተኛዋ እንዝርቲቱ ናት፤ ቀጭን፣ ምላሰኛ፣ ማማረር የማይሰለቻት። «ሌላው ሰው ራሴ ዞረ ሲል አልጋ ይነጠፍለታል» ትላለች፤ «እኔ ግን ራሴ ካልዞረ ሰነፍ እባላለሁ!» ሦስተኛው እሳት ነው። እሱ ምድጃው ላይ ተጎልቶ ከማገዶ በቀር ሌላ ወሬ የለውም።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ወሰንየለህ ሠርግ ተጠራ። አሮጌ በርኖሱን ከተሰቀለበት ቢያወርደው ብል ጨርሶታል፤ ከአንገትጌው በቀር የተረፈ የለም። አንገትጌዋን ብቻ አጥልቆ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ይርጌ፣ እንዲህ ሆኜ ሠርግ ልሂድ?»

«እንዲህ ሆነህ ከሄድክማ ሙሽራውን ዞሮ የሚያየው የለም» አለችው።

አዲስ በርኖስ ሊሠራለት ነው። በርኖስ የሚሠራው ከበግ ፀጉር ነው። የበግ ፀጉር ያለው ደግሞ ደመኔ ላይ ነው። ይርገዱ መቀሷን አነሣች፤ ደመኔም መቀሱን አይታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ብርዱ እኮ ገና አልወጣም። ጥቂት ታገሺኝ። ፀጉሩ የትም አይሄድ፣ እኔው ላይ ነው ያለው።»

«ሰማዩን አታዪም? እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል።»

«ለአንቺ ጠርቶ ይሆናል። ለእኔ ግን ቃል አልገባልኝም።»

«እውነቷን ነው» አለች እንዝርቲቱ ከግድግዳው ላይ። «እኔም ትንሽ ልረፍ።»

«እውነቷን ነው» አለ እሳትም። «በግ በተራቆተች ቁጥር ሥራው የሚበዛው እኔ ላይ ነው። እስቲ ማገዶ ጨምሩ!»

ይርገዱ ግን በልቧ ሠርጉ ቤት ደርሳ ነበር። «ይህን የፈተለው ማነው? ይህን የፈተለው ማነው?» የሚለው ድምፅ ከወዲሁ ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል። ደመኔን ሸለተቻት። በጊቱ ከዚያ ሁሉ ጎፈር ውስጥ ስትወጣ ጆሮና ጉልበት ብቻ ሆና ቀረች።

ወሰንየለህ ገባና ዙሪያውን ቃኘ። «ደመኔ የታለች?»

«ይችውልህ፣ ፊትህ።»

«ይቺማ ዱካ ናት» አለና ሊቀመጥባት ሲል ደመኔ ጮኻ አመለጠች።

ይርገዱ ፀጉሩን አጥባ፣ አድርቃ፣ ነድፋ መፍተል ጀመረች። ይኸኔ ሰማይ አመሉን ለወጠ። መጀመሪያ አንዲት ነጭ ነገር ወረደች። ከዚያ ሌላ ተከተለች። ከዚያ በኋላ ሰማይ ጆንያው እንደተቀደደበት ሰው ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። እንደ ጠጠር ጣሪያ የሚደበድበው ዓይነት በረዶ አልነበረም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ዝም ብሎ የሚወርድ፣ ኮሽታ የሌለው፣ ማቆምም የማያውቅ በረዶ ነበር። መንገዱ ጠፋ። አጥሩ ጠፋ። የጎረቤቱ ጣሪያ ጠፋ። ሠርጉም ከመንገዱ ጋር አብሮ ጠፋ።

ይርገዱ ግን እንዝርቷን አላስቀመጠችም። «በረዶ ይቆማል፤ ሠርግም ይዘገይ እንደሆን እንጂ አይቀርም» እያለች ትፈትላለች።

የደመኔ ጋጣ ከቤቱ ጀርባ ተለጥፎ የተሠራ ነው። በምድጃው በኩል ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ደመኔ አፏን በቀዳዳዋ አስገብታ ተጣራች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ፀጉሬን መልሽልኝ።»

«ተነድፏል።»

«እንግዲያው የተነደፈውን መልሽልኝ።»

«ተፈትሏል።»

«እንግዲያው የተፈተለውን መልሽልኝ።»

«ተጠንጥኗል!»

«እንግዲያው ልቃቂቱን ስጪኝና ልቀፈው!» ብላ ደመኔ አለቀሰች።

ወሰንየለህ አላስችል አለው። ከመደቡ ላይ አጎዛ አነሣና በበሩ ዞሮ ሄዶ ሊያለብሳት ዘረጋላት። ደመኔ አጎዛውን አየችው። አሸተተችው። ከዚያ ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«ይቺ እኮ አክስቴ ናት!»

ወሰንየለህ አጎዛውን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎዛው ላይ ሊቀመጥ ሲል «ይቅርታ እማማ» ሳይል ተቀምጦ አያውቅም።

«ወደ ቤት አስገቢኝ» አለች ደመኔ በቀዳዳዋ።

«ቤቱ ጠባብ ነው፤ ፈትሌን ትረግጪብኛለሽ» አለች ይርገዱ። «ለጊዜው ድርቆሹ ውስጥ ግቢና ተሸፈኚ። በርኖሱ ሲያልቅ ለአንቺም ሹራብ እሠራልሻለሁ።»

«በርኖሱ ሲያልቅ እኔም አልቄ ነው።»

ይህ ነገር ይርገዱን ደረቷ ላይ ወጋ አደረጋት። እጇ ግን መፍተሉን አልተወም።

ከተራራው ግርጌ ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። በረዶው መንገድ ስለዘጋበት ሥጋ ከቀመሰ ቆይቷል። በነጋታው ማለዳ በረዶው እየዋጠው፣ እየወጣ፣ እየወደቀ ሲመጣ ድንገት ዞር ቢል ነጭ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ነገር ከኋላው ሲከተለው አየ። «በግ!» አለና ዘሎ ነከሰው። የገዛ ጭራው ነበር። አመመው። ተቀምጦ እያለቀሰም አሰበ። «እኔ ለራሴ እንኳ በግ መስዬ ከታየሁ፣ ሰው እንዴት ብሎ ይለየኛል?» አለ። ሐሳቡ ደስ አለው። በረዶው ላይ አንድ ጊዜ ተንከባለለ፣ ሁለተኛ ተንከባለለ፣ ሦስተኛም ተንከባለለና ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ሆኖ ወደ ይርገዱ ቤት ወጣ።

በዚያው ሰዓት ወሰንየለህ ለደመኔ ውኃ ይዞ ወደ ጋጣው ገባ። ጋጣው ውስጥ የድርቆሽ ክምር ብቻ ነው ያለው። ክምሩ ብድግ አለ። በቀጫጭን እግሮቹም ቆሞ፣ «ተመስገን! ወሰንየለህ፣ መጣህልኝ?» አለው።

«ጭራቅ! ጭራቅ!» ብሎ ወሰንየለህ ዱላውን መዘዘ። ድርቆሽ ለብሳ የቆመችው ደመኔ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብትል ማን ይስማት። ዱላው ሲያርፍባት በሩን በርግዳ ወደ በረዶው ሸሸች።

ወሰንየለህ እያለከለከ ቢወጣ፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ነጭ፣ ድልብ በግ ቆማለች። ያው አያ ጅቦ ነው።

«ደመኔ! አንቺ ነሽ?»

አያ ጅቦ ግራና ቀኙን አየ። «ነኝ» አለ።

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ብርድ መታኝ።»

«ፀጉርሽስ?»

«በቀለ።»

«በአንድ ቀን?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። ወሰንየለህ ግን ለራሱ መለሰ። «ዝናብ ሣር ያበቅል የለ? በረዶ ደግሞ ፀጉር ያበቅላል ማለት ነው!»

«እሱን ልልህ ነበር» አለ አያ ጅቦ።

ወሰንየለህ አንገቱን አቅፎ ወደ ቤት አስገባው። «ይርጌ! እልል በይ! ደመኔ ፀጉሯ በቀለላት! በርኖሱን ደርበሽ ሥሪልኝ! አንድ ጭራቅም አባርሬያለሁ!»

«የምን ጭራቅ?» አለች ይርገዱ።

«ድርቆሽ የለበሰ።»

የይርገዱ እጅ ቆመ። «እግር ነበረው?»

«አራት። ቀጫጭን።»

«ምን አለህ?»

«ተመስገን መጣህልኝ አለኝ። ስሜን ሳይቀር ጠራኝ! ጭራቅ የማያውቀው የለም።»

ይርገዱ እንግዳዋን በግ ቀና ብላ አየቻት። በጓ በሩ ሥር፣ ከእሳቱ ርቃ ተቀምጣለች። «ወደ እሳቱ ቅረቢ እንጂ» ብትላት፣ «ሙቀት አይስማማኝም» አለች። ይኸኔ በምድጃው በኩል ባለችው ቀዳዳ አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ።

«እትዬ ይርገዱ... ፀጉሬን ወሰድሽ፣ እሺ። ቤቴንስ ለማን ሰጠሽብኝ?»

ይርገዱ ድምፁን ለየችው። ደመኔ ወደ ጋጣዋ ተመልሳለች። ታዲያ ይቺ በሩ ሥር የተቀመጠችው ማን ናት? ማገዶ እንደሚያስተካክል ሰው ጎንበስ ብላ፣ «ከድርቆሹ ሥር ግቢ፤ ድምፅሽን አታሰሚ» አለች በቀዳዳዋ። ከዚያ ቀና አለችና ፈገግ አለች። እፍኝ ድርቆሽም ከጥግ አነሣች።

«ደመኔዬ፣ ርቦሻል። ይኸው ድርቆሽ፣ ብዪ።»

አያ ጅቦ ድርቆሹን አየው። «ጾም ላይ ነኝ» አለ።

«በግ ደግሞ ከምን ይጾማል?»

«ከ... ከድርቆሽ።»

«አቤት መንፈሳዊነት!» አለ ወሰንየለህ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ።

«መልካም። ድምፅሽስ ናፍቆኛል፤ እስቲ እንደ ወትሮሽ ባ በይልኝ።»

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባ... ባ... ባ-ኡ-ኡ-ኡ-ኡ!» አለ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ከላዩም በረዶ ተደረመሰ።

«ክፉኛ ነው የመታት» አለ ወሰንየለህ። «ፌጦ ይሻላታል።»

«መልካም። ይህን ሁሉ ፀጉር ይዘሽ ለእኔ ለፈታይዋ ትንሽ ብትሰጪኝስ?» ብላ ይርገዱ ተጠግታ ከጀርባው ላይ ዘገነች። የዘገነችውን ይዛ ምድጃው ዘንድ ተቀመጠችና እንዝርቲቱ ጫፍ ላይ አስያዘችው። ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። ከዚያ እጇ ባዶ ሆነ።

«እትዬ፣» አለች እንዝርቲቱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በዘመኔ ብዙ ነገር ፈትያለሁ። ውኃ ግን ፈትዬ አላውቅም።»

ያኔ ይርገዱ አወቀች። የምታውቀውንም ባታውቀው በወደደች። ወሰንየለህ እኮ እንግዳዋን አቅፎ አፏን እየከፈተ፣ «ጥርሷም እንዴት አድጓል!» ይላል። ልጩህ ብትል ባሏ የጅቡ ጥርስ አጠገብ ነው። በሩን ልክፈት ብትል ጅቡ የተቀመጠው በሩ ላይ ነው። ዱላውም ያለው እዚያው ነው። እጇ ላይ ያለው ክር ብቻ ነው። ክሩን አየችው። አያ ጅቦንም አየችው። ደግሞ ክሩን አየችው።

«ደመኔዬ፣» አለች፣ «በድዬሻለሁ። በብርድ አራቁቼሻለሁ። ይቅር እንድትዪኝ ሹራብ ልሥራልሽ።»



«ለእኔ?» አለ አያ ጅቦ።

«ለአንቺ።»

«ሹራብ?»

«ሹራብ።»

አያ ጅቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ እስከ ዛሬ ከሰው እጅ ከድንጋይ በቀር የተቀበልኩት ነገር የለም» አለና ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ... እኛ በጎች።» በሆዱም፣ «አሁን ብበላቸው ራቁቴን እበላቸዋለሁ፤ ትንሽ ብታገሥ ሹራብ ለብሼ እበላቸዋለሁ። የቱ ይሻላል?» ብሎ አሰበ። ጀርባውን ሰጣት። «አንገቱ ከፍ ያለ ይሁንልኝ» አለ።

ይርገዱ ልቃቂቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መርፌዎቿን አነሣች። ከኋላ እግሮቹ ጀመረች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ።

«ይርጌ፣ ይሄ እኮ የበርኖሴ ክር ነው!» አለ ወሰንየለህ።

«ዝም በል።»

«ሠርጉስ?»

«ወሰንየለህ! ዝም በልና ማገዶ ጨምር!»

ስሙን ሙሉውን ስትጠራው ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ያውቃል። ማገዶውን አምጥቶ ጨመረ።

«አሁን ገና ቁም ነገር ተናገራችሁ!» ብሎ እሳት ተንቦገቦገ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። አያ ጅቦ ወደ ኋላው ተመለከተ። «የኋላ እግሬ በየት ነው የሚወጣው?»

«እግር የሚያስወጣው የድሀ ሹራብ ነው» አለች ይርገዱ። «የደህና ቤት ሹራብ እግር ያሞቃል።»

«ለነገሩ ልክ ነሽ» አለ አያ ጅቦ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። «የፊት እግሬስ?»

«ሥራ ያለበት ያወጣዋል። አንቺ ሥራ አለብሽ?»

«አሁን እንኳን የለብኝም።»

«እንግዲያው አሳርፊው።»

ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሹራቡ ደረቱን አለፈ፤ አንገቱን አለፈ፤ አገጩ ላይ ደረሰ። «አፌስ?» አለ አያ ጅቦ።

«አንገቱ ከፍ ይበል ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችና የመጨረሻውን ሳበችው። አፉ ጥርቅም አለ።

እሳቱም እስከዚያው ሥራውን ሲሠራ ነበር። የአያ ጅቦ ግንባር ተንጠባጠበ። ጆሮው ተንጠባጠበ። ነጩ ሁሉ ወደ ወለሉ ፈሰሰ። ወሰንየለህ ዓይኑን አሻሸና ቀረብ ብሎ አየ።

«ይርጌ... ደመኔ እንዲህ ዝንጉርጉር ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«ጆሮዋስ እንዲህ ቀጥ ያለ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ይቺ ደመኔ ሳትሆን...»

«አያ ጅቦ ናቸው።»

ወሰንየለህ በአንድ ዝላይ አጎዛው ሥር ገባ። ይቅርታ መጠየቁንም ረሳ። «ደመኔ ብዬ ደመኛዬን ነው ያቀፍኩት!» አለ ከሥር ሆኖ። ቀጥሎም፣ «እኔ ግን ገና ከደጅ ጠርጥሬያለሁ» አለ።

«ከጠረጠርክ ውጣና አግዘኝ!» አለችው ይርገዱ።

በሩን ከፈቱት። ከደጁ ጀምሮ እስከ ተራራው ግርጌ ቁልቁል የተነጠፈ በረዶ ነው። አያ ጅቦ «እምምም!» ከማለት በቀር መንቀሳቀስ አይችልም፤ ከጆሮውና ከዓይኑ በታች ያለው ሁሉ አንድ ትልቅ ልቃቂት ሆኗል። ይርገዱ ግን ብልህ ፈታይ ነበረች። የክሩን ጫፍ አልቋጠረችውም። ጫፉን እንዝርቲቱ ላይ አሰረችው።

«ምን ልታደርጊኝ ነው?» አለች እንዝርቲቱ።

«ያንቺ ሥራ ኋላ ነው» አለችና ለባሏ ጠቀሰችው። ሁለቱም ትከሻቸውን አስጠግተው ገፉ።

አያ ጅቦ ተንከባለለ። በተንከባለለ ቁጥር ሹራቡ ይተረተራል። መጀመሪያ የተፈታው አፉ ነው። «ኧረ ሹራቤ!» አለ። ቀጥሎ የፊት እግሮቹ ተፈቱ። «ኧረ ሹራቤን!» አለ። ግርጌው ላይ ሲደርስ የኋላ እግሮቹም ተፈቱና ያለ በረዶ፣ ያለ ሹራብ፣ እንደተፈጠረ ሆኖ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጆሮው ተቀበረ። እየቧጠጠ ወጥቶ ሽቅብ ቢያይ ዳገቱ ረጅም ነው፤ ከላይም ይርገዱ ዱላውን ይዛ ቆማለች። ፊቱን ወደ ቆላው አዞረ። እየሄደም ዞር ዞር እያለ፣ «ሹራቤን መልሽልኝ!» ይላል።

ተራራው ላይ ተዘርግቶ የቀረውን ክር ሁሉ እንዝርቲቱ መለሰችው። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ሆዷ እስኪነፋ ዞረች። ስትጨርስ ምላሰኛዋ እንዝርት የምትናገረው ቃል ጠፍቷት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም አለች።

ይርገዱ ግን ክሩንም ሆነ እንዝርቲቱን አላየችም። በረዶው ውስጥ እየሰጠመች ወደ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ጋጣው ሮጠች።

«ደመኔ! ደመኔ!»

መልስ የለም።

«ደመኔ! እኔ ነኝ፣ ይርገዱ!»

መልስ የለም። በተበረገደው በር የገባ በረዶ የተቆለለበትን ድርቆሽ በእጇ ቆፈረችው። ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ቆፈረች። ከሥሩ አንዲት ጆሮ አገኘች፤ ቀዝቃዛ፣ ጫፏ ላይ ውርጭ የያዘች ጆሮ። ጎትታ አወጣቻት። ደመኔ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብላለች። ይርገዱ ጋቢዋን አውልቃ ጠቀለለቻትና አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት። ምድጃው ሥር ተቀምጣም፣ የልቃቂቷ ማስቀመጫ በነበረው ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ወሰንየለህ እግሯን አሸ። እሳት ማገዶ ሳይጠይቅ በረታ፤ ይህን ያደረገው ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

«በድዬሻለሁ ደመኔ» አለች ይርገዱ። «በብርድ አራቁቼሻለሁ። ቅድም ይህንኑ ለአያ ጅቦ ስለው ማታለያ ነበር። ለአንቺ ግን ከልቤ ነው። ይቅር በዪኝ፤ ሹራብ ልሥራልሽ።»

 የደመኔ ዓይን ተከድኗል። ይርገዱ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች መርፌዎቿን አነሣችና ጀመረች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ጀርባው አለቀ። ደረቱ አለቀ። ይኸኔ ከጋቢው ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

«በቀዳዳው ስሰማ ነበር» አለች ደመኔ። «እግሬ ግን ይውጣልኝ።»

ይርገዱ እየሳቀች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሠራች። አራት እግር፣ አንድ አንገት፣ ለጭራዋም ትንሽዬ እጅጌ። ከተረፈው ክር ለወሰንየለህ ቆብ ሠራችለት። እሱም ቆቡን ደፍቶ፣ «በርኖስ ከባድ ነው፤ ድሮም አልወደውም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ይርገዱ መቀሷን ከማንሣቷ በፊት ደመኔን ትጠይቃለች። ደመኔም ደጅ ትወጣና ነፋሱን ታሸታለች። «ገና ነው» ካለች ገና ነው። «በይ አሁን» ካለች አሁን ነው።

አያ ጅቦ ደግሞ ለወንድሞቹ «አንገቱ ከፍ ያለ ሹራብ ነበረኝ እኮ» ብሎ ቢነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። ያመነው የለም። በውርጭ ማለዳ ጅብ ሲጮህ ከሰማችሁ፣ ሥጋ እየጠየቀ እንዳይመስላችሁ። ሹራቡን እየጠየቀ ነው።

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጠርኩት፤ የወደደ ይተርትረውና ለሌላው ይሥራበት። እናንተ ግን በብርድ ቀን እንግዳ ደጃችሁን ሲያንኳኳ፣ በሩን ክፈቱለት። በለበሰው አትመኑ፣ በለበሰውም አትናቁት። ከእሳቱ አጠገብ ብቻ አስቀምጡት። በግ ከሆነ ይሞቀዋል፤ በረዶ ለብሶ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቁት ራሱ ይንጠባጠባል።